የካባው ስም ጥሪ

ይህን የምጽፈው እናቴን አስፈቅጄ ነው። «ጻፈው፤ ብቻ እንዳታሳምረው» ብላኛለች። እንግዲህ ቋንቋዬ ቢጎረብጣችሁ የእሷን ትእዛዝ እየፈጸምኩ እንደሆነ ቁጠሩልኝ።

በዚያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ በቱሪዝም ተመርቄ፣ ደጀን አጠገብ ወደተወለድኩበት ቀበሌ የተመለስኩ ሥራ ፈት ነበርኩ። የዓባይ በረሃ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። መንገደኛው አውቶቡሱን አስቁሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ስለ ጎብኚ ስማር ኖሬ፣ አንድ ጎብኚ እንኳ ሳላስጎበኝ የእናቴን እንጀራ እበላለሁ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ሲባል የሰፈሩ ሰው የሚያየው ወደ እኔ ነበር።

ከቀበሌያችን ወደ ገደሉ ወረድ ብሎ አንድ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ። ነጭ የኖራ ድንጋይ ይወጣበት ነበር። ድንጋዩን ያወጣ የነበረው ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ሲሄድ የተቦረቦረ ተራራና የዛገ የድንጋይ መፍጫ ትቶልን ሄደ። ከዓመታት በኋላ አንድ ማኅበር መጣና ቦታውን የጉብኝት መዳረሻ አደርገዋለሁ አለ። አፋፉ ላይ የእንጨት ሰገነት ተሠራ፤ መፍጫው ቀለም ተቀባ፤ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ይመላለሱበት የነበረው ቀጭን መንገድ የእጅ መደገፊያ ተበጀለት። እኔም አስጎብኚ ተብዬ ተቀጠርኩ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። እናቴ ግን «ሌላ ቦታ አጣህ?» አለችኝ።

አባቴ የሞተው እዚያ ካባ ውስጥ ነው።

እንዴት እንደሞተ ለመንገር መጀመሪያ ስለ ስም ጥሪው ማስረዳት አለብኝ። ካባው ሰፊ ነው፤ ሠራተኞቹ በየቋጥኙ ሥር ተበታትነው ነበር የሚሠሩት። ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከላይ አፋፉ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ከጉድጓዱ ወጥቶ መከለያ ቋጥኙ ጀርባ እንደደረሰ «ወጣሁ!» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም ከመለሰ የድማሚቱ ክር ይለኮሳል። ሰው በዓይን አይታይም ነበር፤ የሚታመነው ድምፁ ነው።

አባቴ በሞተበት ቀን ካቦው «ውበቱ!» ብለው ጠሩ። «ወጣሁ!» የሚል መልስ መጣ። ክሩ ተለኮሰ። አቧራው ሲበተን አባቴን ከድንጋይ ሥር አወጡት። ካቦው ጋሽ ደምለው በመስቀል ምለው «ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ወጣሁ ብሎኛል» አሉ። እንግዲህ አንዴ ከወጣ በኋላ፣ ክር ወደተለኮሰበት ጉድጓድ ተመልሶ የሚገባ ሰው ምን ፈልጎ ነው? አባቴ በዚያ ሰሞን ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ነበር። ወሬ ምክንያት አያጣም፤ «ሆዱ ቆስሎ ራሱን አጠፋ» ተባለ።

ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ካህን ሳይጸልይለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀበረ። እኔ ገና ፊደል ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የምታስቀድሰው ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ነው። «ባሌ ያልገባበት አልገባም» አለች። ቄሱ ቢመክሯት፣ ሽማግሌ ቢላክባት፣ ዝናብ ቢወርድባት ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ለአባቴ ፍትሐት ተጸልዮለት አፅሙ ወደ ውስጥ እንዲገባ። የእኔም ምኞት ሌላ አልነበረም። ግን ከሞተው ሰው በቀር ማን ይመሰክራል?

ያሳደጉኝ ጋሽ አላምረው ናቸው። የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ የእኔ የክርስትና አባት። እሳቸውም እዚያው ካባ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። አባቴ ከሞተ በኋላ ከራሳቸው ማሳ በፊት የእኛን አረሱ። እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ስመረቅም ማርቆስ ድረስ መጥተው ከወላጆች መሐል ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነበር። «አባባ» ነበር የምላቸው። ሰው አባትህ ማነው ሲለኝ አፌ የሚቀድመው እሳቸውን ነበር።

የጉብኝት ቦታው የሚመረቅበት ቀን ሲቃረብ የማኅበሩ አስተባባሪ ሰላም ጠራችኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ልቧ ቀና የሆነ ልጅ ናት።

«ደሳለኝ፣ ጎብኚ ድንጋይ ብቻ አይቶ አይሄድም» አለችኝ። «የድሮ ሠራተኞቹ ስለ ስም ጥሪው ነግረውኛል። ያንን ቢያሳዩልንስ? ግን አንተን የሚያሳምምህ ከሆነ ይቅር።»

«ግድ የለም፣ ይሁን» አልኳት። ጥሪውን አንድ ጊዜ በጆሮዬ መስማት ፈልጌ ነበር። አባቴ የመጨረሻ የሰማውን ነገር እኔም ልስማው ብዬ ነው።

ጋሽ ደምለው «እንዴታ!» ብለው ተቀበሉ። እርጅና ቢያጎብጣቸውም ድምፃቸው ገና ገደል ያሻግራል። በሕይወት ያሉት ሠራተኞች ሁሉ እሺ አሉ። ጋሽ አላምረው ብቻ እምቢ አሉ። በሬዎቻቸውን ውኃ ሲያጠጡ ወንዝ ድረስ ወርጄ ለመንኳቸው።

«ሌላ ሰው ፈልግ ልጄ። ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«አባባ፣ እርስዎ ካልመጡ ምን ይባላል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመጣል።»

«ይምጣ።»

«ለእኔ ሲሉ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የማልመጣውስ ለአንተ ስል ነው» አሉ። አልገባኝም። የሚያዝኑልኝ መሰለኝ። ማታ ለእናቴ ብነግራት «አትጎትታቸው፤ ሰው የማያልፈው ቦታ አለው» አለችኝ። ተውኩት።

በምረቃው ቀን ጠዋት ወደ ካባው ስደርስ ግን ጋሽ አላምረው ቀድመውኝ መጥተው መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። ሻይ ይምጣልዎ ብላቸው «ጾም ነኝ» አሉ። ቀኑ የጾም ቀን አልነበረም። ፊታቸውን ሳይ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ፈራሁ።

እንግዶቹ በአውቶቡስ መጡ፤ ከአዲስ አበባም፣ ከማርቆስም። ሰገነቱ ሞላ። እኔም የተማርኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ፤ ድንጋዩ እንዴት በመሮና በሽብልቅ እንደሚፈለጥ፣ ከየት ወደየት ይጫን እንደነበር። ስቀልድ ይስቃሉ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሠራተኞቹ፣ ጋሽ አላምረውም ጭምር፣ ወደ ካባው ወርደው በየቋጥኙ ጀርባ ተሰወሩ። ጋሽ ደምለው አጠገቤ ቆሙ። የሚጠሩት በሕይወት ያሉትን ብቻ እንዲሆን ተነጋግረናል።

«አስማማው!»

«ወጣሁ!»

«ቢራራ!»

«ወጣሁ!»

ገደሉ ድምፃቸውን ተቀብሎ ይመልሰዋል። እንግዶቹ ስልካቸውን አንሥተው ይቀርጻሉ። ጋሽ ደምለው እየሞቃቸው ሄደ፤ ጎብጠው የነበሩት ሰውዬ ቀና ብለዋል።

«ውበቱ!» አሉ።

ሳያስቡት ነው። ያንን የስም ተራ ለዓመታት እንደ ዳዊት ሲደግሙት ኖረዋል፤ የአባቴ ስም ከቢራራ ቀጥሎ ነበርና አፋቸው በለመደበት ሄደ። ወዲያው ደንግጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወደ እኔ ዞረው ይቅርታ ሊሉኝ ሲሉ ከታች መልስ መጣ።

«ወጣሁ!»

የአባቴ ድምፅ ነበር። አንባቢዎቼ፣ ያኔ ሕፃን ነበርኩ እያልክ በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከጎረቤት ማሳ ጀምሮ ስሜን እየጠራ ነበር የሚመጣው። ከአፍንጫው የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል ድምፅ ነበረው። ያንን አልረሳም። የሰገነቱን እንጨት ያዝኩ። ጋሽ ደምለው አማተቡ። «የሱ ነው፤ ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ነው» ይላሉ።

ከቋጥኙ ጀርባ ጋሽ አላምረው ወጡ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቋል።

«ደምለው! እኔ ነኝ!» ብለው ወደ ላይ ጮኹ። «ያን ጊዜም እኔ ነበርኩ! ውበቱ አልወጣም ነበር! እኔ ነኝ የመለስኩለት!»

ይህን ብለው ነጩ አቧራ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ።

ከዚያ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቆመው ነው ያጨበጨቡት። አንዱ አፏጨ። አጠገቤ የነበረች ሴት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «ሽማግሌው እንዴት አድርገው ተጫወቱት!» አለችኝ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እየሮጥኩ ወረድኩ።

ጋሽ አላምረውን አንሥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፊታቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። አላቀፍኳቸውም።

«ምንድን ነው ያሉት?» አልኳቸው።

«የሰማኸውን ነው።»

«እንደገና ይንገሩኝ።»

«ያን ቀን የሚካኤል ማኅበር ተረኛ አባትህ ነበር። ድግሱን ለማየት ቀደም ብዬ ልውጣ፤ ጥሪው ሲደርስ አንተ በልልኝ አለኝ። ቀድሞ የወጣ ሰው የቀን ሥራው ይሰረዝበታል። እንዲህ መባባል ልማዳችን ነበር፤ እሱ በእኔ ድምፅ፣ እኔ በእሱ ድምፅ እየመለስን ስንት ቀን በደምለው ስቀናል። መንገድ ሲጀምር አይቼዋለሁ። ሄዷል ብዬ መለስኩለት። ሄዷል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሰ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ምን ረስቶ እንደተመለሰ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«መጀመሪያ እስር ፈራሁ፤ ልጆቼ ጥቃቅን ነበሩ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል አንተ አደግህ። አባባ ማለት ጀመርክ። ከዚያ በኋላ አንተን ማጣት ፈራሁ። አንዱ ቃል ከአፌ ወጥቶ ውበቱን ገደለ፤ ሌላው አልወጣም ብሎ እኔን ገደለኝ።»

ሰላም በደስታ እየሮጠች ደረሰች። «ደሳለኝ! ሰው አብዷል! በየቅዳሜው ይደገም እያሉን ነው!» ካለች በኋላ ፊታችንን አየች። ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትወቀስ አይገባትም፤ እሷ ያየችውን ሁሉም ሰው አይቷል።

ቤት ስገባ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። እንዝርቷን አላቆመችም። እስክጨርስ ፈተለች፣ ከጨረስኩም በኋላ ፈተለች። በመጨረሻ «እራትህን ብላ» አለችኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ያረሱልን ማሳ፣ ያስተማሩኝ ትምህርት፣ ሁሉም በአንድ ቀን ሌላ ትርጉም ያዘ። የወደዱኝ ወደውኝ ነው ወይስ ዕዳ ሲከፍሉ? ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ አላምረው ከመሐላቸው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል። በእኛ አገር በደለኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፤ የተበደለው ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ድንጋዩ ነጭ ነበር። ከየት እንዳመጡት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«እታለም የሺ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

እናቴ ደፉ ላይ ቆመች። ጋሽ አላምረውን እንጂ ሽማግሌዎቹን አላየችም።

«አላምረው፣ ለሞቱ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «አላወቅህም። በልልኝ ያለህም እሱ ራሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ» አለች። «ባሕር ዛፍ ሥር ስንቀብረው አካፋ ይዘህ ነበር። አይቼሃለሁ። አፈሩን ስትመልስ ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም፣ እታለም።»

«እኔ ከቅጽር ውጭ ዝናብ ሲመታኝ አንተ ከውስጥ ታስቀድስ ነበር። እያየኸኝ ታልፍ ነበር።»

ጋሽ አላምረው አለቀሱ። ድንጋዩ አንገታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ለዚህኛው በጓዳ የሚሰጥ ይቅርታ የለኝም» አለች እናቴ። «ራሱን አጠፋ ሲባል ሰምቶ ያመነ ሰው ሁሉ ባለበት ተናገር። ያኔ እኔው ራሴ አወርድልሃለሁ።» ብላ ገባች። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ጨከነች አሉ። ጋሽ አላምረው ግን «ልክ ናት» ብለው ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሲወጣ ጋሽ አላምረው በደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ደምለውም በዱላቸው ተደግፈው አጠገባቸው ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም። ጋሽ አላምረው ሁሉንም ተናገሩ፤ ምንም አልሸሸጉም። ሲጨርሱ ጋሽ ደምለው «እኔም ባላየሁት ምያለሁ። በመስቀል ምዬ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አስወጥቻለሁ» አሉ። አጎቴ፣ ከአባቴ ጋር በድንበር ተጣልቶ የነበረው፣ ግንቡ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ሲንሰቀሰቅ አየሁት። ስንት ዓመት በወንድሙ ደም ራሱን ሲወቅስ እንደኖረ ያን ቀን ነው የገባኝ። የቤቱ ሰው ነን ብለን እኛ ብቻ የተጎዳን ይመስለን ነበር።

እናቴ ከቆመችበት ከውጭ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። በበሩ አለፈች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታልፍበት አላየሁም። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከጋሽ አላምረው አንገት አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ቄሱ ጉዳዩን ለበላይ አስረድተው ፈቃድ አመጡ። አፅሙን ከባሕር ዛፉ ሥር ያወጣነው እኔና አጎቴ ነን። በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ፍትሐት ተጸለየለት። አንድ አገር ሰው መጣ። እናቴ ያኔ ደረቷን መትታ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ያን ቀን አለቀሰችው። ሴቶቹ «ያጥናሽ» እያሉ ሲይዟት «ተውኝ፤ አሁን ገና ነው የሞተብኝ» ትላቸው ነበር።

ዛሬም እዚያው ካባ አስጎብኚ ነኝ። የስም ጥሪው ከዚያ በኋላ አልታየም፤ ሰላም ራሷ አስቀረችው። ሰገነቱ ላይ ስደርስ ስለ ድንጋዩ እነግራለሁ፣ ከዚያም አባቴ እንዴት እንደሞተ በአጭሩ እነግራለሁ፣ እንዳያጨበጭቡም አስቀድሜ እለምናለሁ። አንዳንዱ እንግዳ ደስታውን አበላሸህብኝ ብሎ ይከፋዋል። ይከፋው። ድሮ የተቆፈረ ቦታ ሁሉ በቀለምና በመደገፊያ ሲያምር የበላው ሰው አብሮ የሚጠፋ ይመስለኛል፤ ስለዚህ እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ ስትሄዱ እዚህ ማን ሠራ፣ ማንስ እዚሁ ሞቶ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። ሌላም ልለምናችሁ። እያወቃችሁ ዝም ያላችሁት ነገር ካለ፣ የዝምታችሁ ዝናብ የሚመታው፣ ውጭ የቆመ ሰው እንዳለ አስቡ።

ጋሽ አላምረውን ይቅር አልኳቸው ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። የማውቀው የአባቴ አፅም በገባበት ቀን የሆነውን ብቻ ነው።

ከቀብር መልስ ሰዉ ግቢያችን ሞልቶ ንፍሮ ሲታደል ጋሽ አላምረው አልገቡም። ከአጥራችን ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የሚጠራቸውም አልነበረም። ንፍሮ በሳህን ይዤ ወጣሁ። ስቀርባቸው ለመነሣት ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና ሳህኑን ዘረጋሁላቸው።

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ለእኔም?» አሉ። «እኔ በምን አፌ?»

«ይብሉ እንጂ አባባ» አልኳቸው። «ለእርስዎም እኮ ወዳጅዎ ነው የሞተብዎ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥተው፣ «ወንድሜን! ውበቱዬን!» እያሉ አለቀሱ። ለአባቴ ሲያለቅሱ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።